የመከላከያዋ ሴትዮ

ይመኙሻል ማስነጠስ የምትፈራ ሴት ነበረች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አፍንጫዋን መኮርኮር ሲጀምራት ነጠላዋን በአፏ ላይ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ዐይኖቿን ጨፍና፣ ማስነጠሱን ወደ ውስጥ ትውጠዋለች። በአውቶቡስም፣ በፋብሪካም፣ በውሃ ወረፋም ላይ እንዲሁ ናት። አስመራ ነጻነቷን ካገኘች ሁለተኛው ክረምት ነበር። ከተማዋ ገና ከደስታዋ አልወጣችም፣ ማታ ማታ ከየሰፈሩ ከበሮ ይሰማል። ይመኙሻልን ግን ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ሁሉ ያስፈራታል። ሲያስነጥሱ ደግሞ ሰው ዞር ይላል።

ዞር ብሎም አይቀር፣ «ይምሓርኪ» ይላል ደግ ሰው፣ ይማርሽ ማለቱ ነው። መልስ ያስፈልጋል። «የቐንየለይ» ብላ ማመስገን አለባት፤ ያቺ መሃል ላይ የተቀመጠች «ቐ» ግን ከጎንደር ልጅ ጉሮሮ በቀላሉ አትወጣም። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ ጉንፋን የያዘው ጉሮሮ ያቺን «ቐ» አሳምሮ ያወጣታል። ጉንፋኗ በዚህ ዓለም ላይ የሰጣት ጥቅም እሱ ብቻ ነበር።

ጉንፋኑ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ በሩን ሳይዘጋ ደግሞ ይመለሳል። የሰባት ዓመት ልጇ ሚጡ ከትምህርት ቤት ይዛው ትመጣለች፤ ልጅቷ ሁለት ቀን አፍንጫዋን ጠራርጋ ትነሣና ገመድ ትዘላለች፣ እናትየው ግን ለሳምንታት ታስላለች። ነጭ ሽንኩርት በማር በላች። ጤና አዳም በሻሂ ጠጣች። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ጋቢ ተከናንባ ታጠነች። ከሱቅ ቀይና ጥቁር ካፕሱል እየገዛች ሁለት ትውጥና ሲሻላት የቀረውን ለሚቀጥለው ጉንፋን ታስቀምጣለች። ያንን ብልጠት ይመስላት ነበር፤ ስንቶቻችን እንዲሁ አድርገናል።

ቀኗን ደግሞ ተመልከቱት። ጎህ ሳይቀድ ከቦኖ ውሃ ትቀዳለች። ለሚጡ አንድ እንቁላል ትቀቅላለች፣ ራሷ ባኒ ዳቦዋን በሻሂ እያጠቀሰች ቆማ ትበላለች። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሳ ፌርማታው ላይ ትሰለፋለች። ከዚያ እስከ ማታ የሹራብ ፋብሪካ፦ የሱፍ ብናኝ እንደ ዱቄት ቅንድቧ ላይ ይቀመጣል። ስትመለስ የጎረቤት ልብስ ትጠግናለች፣ የትምህርት ቤት ቀሚስ ታሳጥራለች። ሰው ነች አይባልም፣ ራሷ ማኪና ሆና ነበር።

የምትፈራውን ነገር ደብቄ አላቆያችሁም። ነጻነት ከመምጣቱ በፊት ይመኙሻል ከፎርቶ ምሽግ በታች በነበረ የኢትዮጵያ ጦር ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። ሸሚዙን ሌሎች ሴቶች ይሰፋሉ፣ ኮቱን ሌሎች፣ እሷ ሱሪ። የወታደር ሱሪ። የግቢው በር ላይ «መከላከያ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተቀብቶ ስለነበር፣ የከተማው ሰው እዚያ የሚሠሩትን ሴቶች በትግርኛ «ናይ ምክልኻል» ይላቸው ነበር፤ የመከላከያዎቹ ማለቱ ነው። በመንገድ ላይ ሲያልፉ ይህን ቃል የሚላቸው ሰው አንዳንዱ እንዲያው ሥራቸውን መጥራቱ ነበር፣ አንዳንዱ ግን ከተናገረ በኋላ ምራቁን ይተፋል።

ጦሩ ሲፈርስ የስፌት ቤቱ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ደቡብ ሄዱ። ይመኙሻል ቀረች። ባሏ ክብሮም የአስመራ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በምጽዋ መንገድ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞቶባታል። ጎንደር ወላጆቿ አልፈዋል፣ ሚጡ ደግሞ ከአስመራ ሌላ አገር አታውቅም። ስለዚህ ሰው ከሚያውቃት ከቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ዕቃዋን ጠቅልላ ማንም ወደማያውቃት ወደ ማይ ጭሆት ሰፈር ገባች። ፋብሪካው ሲቀጥራት ስፌት የት ተማርሽ ብለው ጠየቋት። «ከእናቴ» አለች።

አስመራ እንድትቀር ቢያስገድዷት ደስታዋ ነበር፤ የሚያስፈራት መባረሩ ነው። የባሏ እህት ኣልማዝ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሚጡን አቅፋ፣ «ጓል ሓወይ ጓል ሃገር እያ» ብላ ነበር፤ የወንድሜ ልጅ የአገሩ ልጅ ናት። ልታጽናናት ነው ያለችው፣ ክፋት አልነበረውም። ይመኙሻል ግን ያን ቃል ይዛው ቤቷ ገባች። ልጅቷ የአገሩ ልጅ ናት፣ እናቷስ? የመከላከያ ሴት መሆኗ አንድ ቀን ቢታወቅ እሷን ወደ መጣችበት ሸኝተው ልጅቷን «የእኛ ናት» ብለው ቢያስቀሯትስ? እንዲህ ያለ ነገር በማንም ላይ ሲደረግ አላየችም። ፈሪ ሰው ግን ማየት አያስፈልገውም።

አንድ ሰኞ በፋብሪካው ሳሏ አላቆም ብሎ ክር እስኪበጠስባት ድረስ አንቀጠቀጣት። ካፖው፣ አለቃዋ ማለቴ ነው፣ ማኪናዋን በእጁ አጠፋው። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ይሄ ሳል የጤና አይደለም። ክሊኒክ ሂጂ። ከሌሎቹ ጋር አብረሽ ተቀምጠሽ እንዲህ አይሆንም» አላት።  ክሊኒክ ማለት ስም መጠየቅ ነው፣ ሰፈር መጠየቅ ነው፣ የድሮ ሥራ መጠየቅ ነው። ግን ሥራዋን ልታጣ አትችልም፤ ሄደች።

በሰፈሩ ክሊኒክ ኮሪደር ውስጥ በረጅም አግዳሚ ላይ ሰው ተደርድሯል። በራኺ የሚባል አንድ እግሩን የሚያነክስ ታጋይ በሩ ላይ ቆሞ ተራ ያስጠብቃል። ይህ ሰው የሰው ስም አይያዝለትም። ሁሉን ሰው በሕመሙ ነው የሚጠራው፣ ያውም ኮሪደሩን በሚያናጋ ድምፅ። «እቲ ናይ ኩሊት!» ይላል፣ ኩላሊቱን የታመመው ሽማግሌ ይነሣል። «እታ ናይ እዝኒ!» ጆሮዋን የታመመች ኮረዳ እያፈረች ትገባለች። ሰው ለምዶታል፣ ይስቃል። ይመኙሻል ግን ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ ተቀምጣለች።

ሐኪሟ ትብለጽ ትባላለች። ከሜዳ የገባች ታጋይ ናት፦ ፀጉሯ ጎፈሬ፣ እግሯ ላይ የላስቲክ ጫማ፣ ንግግሯ አጭር። ከሜዳ በፊት አስመራ በተማረችበት አማርኛ ነው የምታናግራት። ጀርባዋን አዳመጠች። ደም ያስላት እንደሆነ፣ ሌሊት ያልባት እንደሆነ ጠየቀች። «ሳንባሽ ንጹሕ ነው» አለች። ይመኙሻል ትንፋሿን ልትለቅ ስትል ሐኪሟ የዐይኗን ቆብ ወደ ታች ገልጣ አየችና ፊቷን ቋጠረች።

«ምን ትበያለሽ?»

«የተገኘውን።»

«እንቅልፍስ?»

«የተገኘውን» አለች አሁንም፤ ልጇ ከትምህርት ቤት ስለምታመጣው ጉንፋን፣ ከሱቅ ስለምትገዛው ካፕሱል፣ ማታ ስለምትጠግነው ልብስ ግን ሳትደብቅ ነገረቻት።

«ፋብሪካው ሳትገቢ በፊት የት ነበር የምትሠሪው?»

 ሐኪሟ ስለ ብናኝ ስለ ጭስ ብላ ነው የጠየቀችው፤ ሳል የሚመላለስበት ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። «ቤቴ» አለች።

«ቤትሽ ብቻ?»

«እወ። ቤቴ ብቻ።»

ትብለጽ እጇን ይዛ የልብ ምቷን ስትቆጥር ዐይኗ ሌባ ጣቷ ላይ አረፈ። ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ የስፌት ቤቱ ትልቁ ማኪና መርፌ አንድ ቀን ዘልቆበት ነበር። «ጣትሽን ምን ወጋው?» አለቻት። «መርፌ።» ሐኪሟ እጇን ቀስ አድርጋ መለሰችላት። እንደ ይመኙሻል ላለ ሰው ከዚህ ዝም ማለት ስድብ ይሻለው ነበር።

በዚህ መሃል በራኺ አንገቱን በበሩ አስገባ። ትብለጽ ወደ እሱ ዞራ በፈጣን ትግርኛ እንዲህ አለችው፦ «ጸገም ናይዛ ምክልኻል እዩ። ጽባሕ ምስ ጓላ ክትምለስ እያ።»

የዚህች ችግር መከላከያ ነው። ነገ ከልጇ ጋር ትመለሳለች።

እናንተ አሁን ይህን ስታነቡ ምናልባት ነገሩ ገብቷችሁ ፈገግ ብላችሁ ይሆናል። ይመኙሻልን ግን የመታት መብረቅ ነበር። ትግርኛዋ ከገበያና ከጎረቤት የለቀመችው ነው፤ ያንን ቃል የምታውቀው በአንድ ትርጉም ብቻ ነው፤ በዚያ በተቀባው በር ላይ ባለው። አወቁ። ጣቴን አይታ አወቀች። ልጄንም ይፈልጓታል። እንዴት እንደተነሣች አታውቀውም፤ ኮሪደሩ መሃል ስትደርስ ከኋላዋ የበራኺ ድምፅ ተከተላት።

«እታ ናይ ምክልኻል! ካርድኺ ረሲዕክያ!»

ካርድሽን ረሳሽው ማለቱ ነበር። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ካርዱን ማን ይፈልገዋል? ነጠላዋን ጨብጣ እየሮጠች ወጣች፣ ዝናቡም ተቀበላት።

ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ጽገ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ጽገ ግድግዳ የምትጋራት ባልቴት ናት፤ ይመኙሻል ስትዘገይ ሚጡን ምሳ የምታበላት እሷ ናት። «እንታይ ኮንኪ ጓለይ? ምን ሆንሽ? መልክሽ ዐመድ መስሏል» አለቻት።

«አደይ ጽገ፣ ክሊኒኩ ውስጥ… ናይ ምክልኻል አሉኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ጽገ የያዘችው ምስር ከእጇ ረገፈ። «ስለ ማርያም! ናይ ምክልኻል? አንቺን ከእነሱ ምን አገናኘሽ?»

«ምንም አላገናኘኝ።»

«እንግዲያስ ምን ያስፈራሻል?»

 ጽገ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ አልጠየቅሁሽም፣ አንቺም አልነገርሽኝም» አለችና ምስሯን ከመሬት መልቀም ጀመረች። ደግነቷ ነበር። ደግነቷ ግን ይመኙሻልን ይበልጥ አስፈራት፤ የማያስፈራ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልቴቷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር?

ያን ማታ ዕቃ ጠቀለለች። ምን ዕቃ አላት? ሁለት ቀሚስ፣ የሚጡ ሹራቦች፣ የክብሮም ፎቶግራፍ፣ መቀስ። የልብስ ስፌት ማኪናዋን አየችው፣ ከበዳትና ተወችው። ሚጡ አልጋው ላይ ሆና ታያት ነበር፤ «ማማ፣ ወዴት ነው የምንሄደው? ነገ እኮ መዝሙር አለን» አለች። ይመኙሻል «ዘመድ ጥየቃ» አለቻት። ልጅቷ ከአክስቷ በቀር ዘመድ እንደሌላቸው ታውቃለች፣ ግን ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ እንግዳ ነገር ነበር፣ እናቷ ግን ከፍርሃቷ የተነሣ አላስተዋለችውም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ጥቅልሉን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ሚጡን በእጇ ይዛ ፌርማታው ላይ ቆመች። ከተማውን ለቆ ወደ ደቡብ የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሣበት ቦታ በዚያ በኩል ነው። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ሚጡ ቀሚሷን ተጠግታ ቆማ ነበር፤ ድንገት ጭንቅላቷን በእናቷ ሆድ ላይ አስደገፈችው።

«ማማ፣ ቆሪሩኒ» አለች። በረደኝ ማለቷ ነው።

ይመኙሻል እጇን ግንባሯ ላይ አሳረፈች። ልጅቷ ትቃጠላለች። አንገቷን ነካችው፣ ትቃጠላለች፤ ጥርሷ ግን ይንቀጫቀጫል። «መቼ ጀመረሽ?» አለቻት። «ትናንት» አለች ሚጡ። «ስላልጠየቅሽኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

ቃሉ የገባበትን ቦታ እናት የሆነ ያውቀዋል። ልጇን እንዳይወስዱባት ትሸሻለች፣ ልጇን ግን ከትናንት ጀምሮ አላየቻትም። ከዚያ ፌርማታ ሁለት መንገድ አለ፦ አንዱ ወደ አውቶቡሱ፣ አንዱ ወደ ክሊኒኩ። በአንዱ ቀኑን ሙሉ በገደል መንገድ እየተንገላቱ ይህን ትኩሳት ተሸክሞ መሄድ አለ። በሌላው ያቺ የላስቲክ ጫማ ያደረገች ሴት ትጠብቃታለች።  ልጄን ላለማጣት ብዬ ልጄን ልገድላት ነው እንዴ? አለች ለራሷ። ጥቅልሉን ከጭንቅላቷ አወረደች፣ ልጇን አዘለች፣ ጥቅልሉን በእጇ አንጠልጥላ ወደ ክሊኒኩ አዘገመች።

በራኺ ገና በሩን መክፈቱ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ፤ «ኣሃ! እታ ናይ ምክልኻል!» አለ፣ የጠፋች ዘመዱን እንዳገኘ። እሷ ደግሞ በዚያ ፈገግታ ውስጥ ወጥመድ ነው ያየችው። ወደ ትብለጽ ክፍል ስትገባ ሐኪሟ ጥቅልሉንም ልጅቷንም በአንድ አየቻቸው። ምንም ሳትጠይቅ ልጅቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አፏን አስከፈተቻት። ጉሮሮዋን ስትመረምር ይመኙሻል መጠበቁ አቃታት።

«እሺ፣ እውነት ነው» አለች፤ ድምፅዋ ጮኸባት። «ስፌት ቤቱ ውስጥ ሠርቻለሁ። ናይ ምክልኻል ነበርኩ። ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም፣ ሰውም አላሳሰርኩም፣ ሱሪ ነው የሰፋሁት፣ ሱሪ ብቻ። እኔን የምታደርጉኝን አድርጉኝ። ልጄን ግን ከእኔ አትለዩብኝ። በክብሮም ነፍስ፣ አትለዩብኝ።»

የትብለጽ እጅ ልጅቷ ጉንጭ ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ተነሣች፣ ወደ በሩ ሄደችና ዘጋችው። የበሩ ቁልፍ ቀጭ ሲል ይመኙሻል ግድግዳውን ተደገፈች፤ በቃ፣ የፈራሁት ደረሰ አለች በልቧ።

«ማን ጠየቀሽ?» አለች ትብለጽ።

«አንቺ… ትናንት። ችግሯ መከላከያ ነው አልሽው።»

ሐኪሟ መጀመሪያ አልገባትም። ግንባሯን ቋጥራ ቃሉን መላልሳ በአፏ ስታኘከው ቆየች። ሲገባት አልሳቀችም፤ ወንበር ስባ ከይመኙሻል ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«የሰውነትሽን ነው ያልኩት» አለች ቀስ ብላ። «ሰውነት ምክልኻል አለው። በሽታ እንዳይገባ የሚጠብቅ ዘብ በይው። የአንቺ ዘብ አይበላም፣ አይተኛም። ሜዳ ሳለን እንዲህ ያለ ዘብ ምሽጉ ውስጥ ቆሞ ያንቀላፋል፤ የፈለገው ይገባበታል። ጉንፋን የሚመላለስብሽ ለዚህ ነው። ምን ትበያለሽ ነው ያልኩሽ። ምን ትሰፊያለሽ አላልኩሽም።»

 ይመኙሻል ምድር ብትከፈትላት ገብታ ትደበቅ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳያውቅ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ እንደ ዐይኗ ብሌን የጠበቀችውን ነገር በገዛ አፏ አፍርጣው ነበር። ከዚህ በፊት የፈራችው ሊታወቅ ይችላል ብላ ነበር፤ አሁን ታውቋል። ፍርሃቷ አልቀለላትም፣ እንዲያውም አሁን ነው መልክና ስም ያለው ሰው ፊት ለፊቷ የተቀመጠው።

«ሱሪ ነው ያልሽው?» አለች ትብለጽ።

«ሱሪ።»

«ከጭኑ መሃል ያለውን ስፌት አንቺ ነሽ?»

«ሁሉንም… እሱንም እኔ ነኝ።»

«ስንማርከው እኛም እንለብሰው ነበር። ቁጭ ባልን ቁጥር ይተረተር ነበር። ስንት ጊዜ በፕላስተር አጣብቄ ተራራ ወጥቻለሁ መሰለሽ!»

«ክሩ» አለች ይመኙሻል፣ ሳታስበው። «ክሩ የበሰበሰ ነበር። እኔ ደርቤ ነው የምሰፋው። የሚሰጡን ክር ነው።» በዚያ ፍርሃት መሃል ስለ ስፌቷ መከራከሯ ሲገባት ራሷ ደነገጠች። ትብለጽ ሳቅ ልትል ነበር፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ጠፋ።

«ያንን ሱሪ የለበሱ ሰዎች ወንድሜን ገድለውታል» አለች።

  ይመኙሻል «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» ልትል አሰበች፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ስታስበው ዋጠችው። ዐይኗ ግን ሞላ፤ ይህኛውን መዋጥ አልቻለችም።

 ትብለጽ ተነሥታ እጇን ታጠበች፤ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ደከማት ሴት ነበር የምትታጠበው። «አንቺ ሱሪ ነው የሰፋሽው» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «ልጅሽ ቶንሲሏ ነው ያበጠው። ሽሮፕ እሰጣታለሁ፤ ሲሻላት እንዳታቆሚ፣ ጠርሙሱ እስኪያልቅ። አንቺም ያንን ከሱቅ የምትገዢውን ካፕሱል ተዪው። ቤት ስትገቢ እጅሽን ታጠቢ፣ መስኮት ክፈቺ። የሰው ልብስ መጠገኑን ትተሽ በጊዜ ተኚ። እንቁላል ስትገዢስ ማን ነው የሚበላው?»

«እሷ» አለች ይመኙሻል።

«ማማ ኣይትበልዕን እያ» አለች ሚጡ ከጠረጴዛው ላይ፣ በጎረነነ ድምፅ፤ እማማ አትበላም ማለቷ ነው። ስታሳብቅ ደግሞ ትኩሳቱ አልከለከላትም።

«ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እሷ» አለች ትብለጽ። «አንቺ ከወደቅሽ ለልጅቷ ማን አላት?»

ይመኙሻል በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። መጠየቅ አልፈለገችም፣ ሳትጠይቅ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንደማይነጋላት ታውቃለች። «ያልኩሽን ነገር…» አለች።

ትብለጽ የሚቀጥለውን ሰው ካርድ ይዛ ነበር። «ጉሮሮ ነው ያየሁት» አለች፣ ቀና ሳትል። «ኣይትፍርሒ።»

አትፍሪ። ለማለት ቀላል ነው። ይመኙሻል ሽሮፑን እስኪሰጧት አግዳሚው ላይ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች፣ ጥቅልሉን በእግሯ ወደ አግዳሚው ሥር ገፋችው። ኮሪደሩ ሞልቷል። ከጎኗ ካኪ የለበሰ ወጣት ታጋይ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ሐኪሟ ነገ ሐሳቧን ብትቀይርስ? የወንድሟ ነገር ማታ ትዝ ቢላትስ? ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጓደኛ ብቻ ብትናገርስ? ፍርሃቱ እዚያው ነበር። ነገር ግን ልጇ ጭኗ ላይ አለች፣ ትንፋሿ ትኩስ ነው፣ ማንም አልወሰዳትም።

በራኺ ጠርሙሱን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ስም እንደሆነ አይያዝለትም።

«እታ ናይ ምክልኻል!»

ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። ካኪ የለበሰው ታጋይም ዞረ። ይመኙሻል ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ልትስብ እጇን አነሣች። ሚጡ ግን እንደ ልጅ ሞኝነቷ እናቷን በክርኗ ጎሰመቻትና ጮክ ብላ፣ «ማማ፣ ንዓኺ እዩ ዝጽውዕ ዘሎ!» አለች፤ አንቺን እኮ ነው የሚጠራው።

ተነሣች። በትግርኛ «ኣነ እየ» ልትል አስባ ነበር፤ አሳምራ ለመናገር ጉሮሮዋን እንኳ ጠርጋለች። ከአፏ የወጣው ግን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጎንደር አነጋገር፣

«እኔ ነኝ» ነበር።

በራኺ ጠርሙሱን ሰጣት። «ቅድሚ ምግቢ» አለ፣ ከምግብ በፊት፤ ከዚያም ወደ አግዳሚው ዞሮ ካኪ የለበሰውን ታጋይ፣ «እቲ ናይ ኢድ!» ብሎ ጠራው። ወጣቱ ሲነሣ አግዳሚው ሥር የቀረውን ጥቅልል በጤነኛ እጁ አንሥቶ ለይመኙሻል አቀበላት። «የቐንየለይ» አለች። «ቐ»ዋ ጥሩ አልወጣችም፤ ጉንፋኑ እየለቀቃት ሳይሆን አይቀርም።